ሁለት መቶ ብር

ማታ፣ ኮሜርስ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጠመኔው እየተሰበረ
መምህሩ ሰሌዳው ላይ አራት ሳጥን አሰመረ።
«ሁለት እስረኞች አሉ፣ ለየብቻ ታስረው፤
ለእያንዳንዱ የሚያዋጣው ሌላውን መክዳት ነው።»

እኔ ቀን ቀን ሶማሌ ተራ፣ ጋሽ ደግፌ ሱቅ ነኝ፤
ከፍሬን ሸራ፣ ከኩሽኔታ መሀል የምገኝ።
«የለም» አይባልም እኛ ጋ። «ቁጭ በሉ፣ መጣሁ» ብዬ
ከኸይሬ መደርደሪያ አመጣለሁ፣ የኛ አስመስዬ።
ተፎካካሪያችን ነው ኸይሬ፣ በር ለበር፣ ዋጋ ለዋጋ፤
ሒሳቡ ግን ካርቶን ላይ ነው፣ ቅዳሜ ሲመሽ የሚዘጋ።
ውል የለ፣ ማኅተም የለ፣ ዳኛ የለ፣ ምስክር፤
ነገም ያው ደንበኛ አለ፣ ነገም ያው የጓሮ በር።

ከዚያ በሩ ላይ ቀይ ቀለም። እስከ ወሩ መጨረሻ።
ለሱ ቃሊቲ ደረሰው፤ ለኛ አልታወቀም መድረሻ።
መምህሩን ጠየቅሁት። «የመጨረሻው ዙር ከታወቀ
መካካዱ ከዛሬ ይጀምራል» ብሎኝ ሳቀ።

የኸይሬ ዕዳ ያን ሳምንት ሁለት ፍሪሲዮን ነበር።
ጋሽ ደግፌ ዝም። እኔ ግን በደብተሬ ጠርዝ ስደምር፣
«ይክዳል» እያልኩ፣ አራተኛዋን ሳጥን በእርሳስ ሳጠቁር።

የመጨረሻው ቅዳሜ፣ ቆርቆሮው ሲነቀል መጣ፤
በጋዜጣ የተጠቀለለ ብር ከጉያው አወጣ።
ቆጠርኩት፤ ደግሜ ቆጠርኩ። ሁለት መቶ ብር ትጎድላለች።
«እሷ ትቅር» አለ ኸይሬ፣ «ስንገናኝ ትደርሳለች።»
«ጎደለ እኮ!» ስል፣ ጋሽ ደግፌ ካርቶኑን ቀደደ፤
ያቺን ቁጥር ብቻ ኪሱ ከቶ
መደርደሪያውን ሊያሸክመው ሄደ።

ፈተናው ላይ አራተኛዋን ሳጥን ባዶዋን ተውኳት።
መምህሩ ስምንት ሰጠኝ ከአሥር።
አልተከራከርኩም።
ሁለቷ ትቅር።