ሐረግ፣ ሐረጎ

ሲስተር ያለምዘርፍ ነጭ ወረቀት ዘርግታ፣
«ሴቷን በክብ፣ ወንዱን በሳጥን ነው» አለች፣ በእርጋታ፤
«የታመመው ይጠቁራል፣ የሞተው ይሰረዛል፤
የማታውቂውን ‹አላውቅም› በይ፤ እሱም ቢሆን ያግዛል።»
ውጭ ጉም ነው። ጦሳ የለም። የክፍሉ መስኮት አልቦታል፤
እኔ ዘመድ እቆጥራለሁ፣ አባቴን ዝምታ ውጦታል።

በናቴ በኩል አራት ክብ። አራቱም ንጹሕ፣ አራቱም ነጭ፤
ታዲያ የኔ ጥቁር የት ፈለቀ? የቱ ጋ ነው የሱ ምንጭ?
ሰፈሩማ ፈርዶ ጨርሷል፣ ገና ጡቴ ሳይቆረጥ፦
«በናቷ ነው፤ ይሄ ነገር ከሴት ለሴት ነው የሚሰጥ።»
እናቴም ፍርዱን ተቀብላ፣ ሁለት ዓመት አንገት ደፍታ፣
ቁስሌን አጠበች፣ እንደ ባለዕዳ፣ ቀን ከፍላ፣ ደግሞ ማታ።

ኮምቦልቻ፣ ጨርቃጨርቁ ውስጥ፣ ዘጠኝ ዓመት ቆሜያለሁ፤
በዚያ ሁሉ ማሽን ጩኸት፣ ክር ስትበጠስ እሰማለሁ።
የራሴን ግን አልሰማሁም፤ ሥጋ ማንቂያ ደወል የለው፤
ሽምብራ ሆኖ ከርሞ ኖሮ፣ ሳገኘው ሎሚ አክሎ ነው።

አምና የሰጠኋት ደም፣ በበረዶ ሣጥን ታሽጋ፣
ሐረጎን ቁልቁል ወረደች፣ ወደ አውሮፕላኑ ልትጠጋ።
የሰውም ዘር እንዲህ ነው አሉ፣ በረቂቁ መሣሪያ ሲታይ፤
ይጠማዘዛል፣ ይዞራል፣ ቁልቁል ይወርዳል ከላይ፣
ሦስት ቢሊዮን ፊደል አዝሎ። አንዲቷ ብቻ ብትገደፍ፣
ኩርባ ላይ የተናደ ድንጋይ ናት፤ ሾፌር ካወቃት ሊተርፍ።

ዛሬ መልሱ መጣ። እጥፉን ወረቀት ገለጠች፤
«ለውጥ አለ። ትርጉሙ ግን ገና አልታወቀም» አለች።
«እንዴት?» አልኳት። «እስካሁን ያነበብነው ሰው ጥቂት ነው ከዚህ አገር፤
ፊደሏን በፊት ያያት የለም፤ ክፉ ትሁን ደግ፣ እንዴት እንናገር?
ከበሽታው ጋር አብራ ወርዳ እንደሆን ከዘመድ ደም ነው የሚታይ።»

ያን ጊዜ አባቴ፣ ሙሄ ያሲን፣ ጉሮሮውን ጠረገ።
«የኔን ወገን አልጠየቃችሁም።
ሁለት እህቶች ነበሩኝ።
አንሻ ጡቷን በሻሽ አስራ ሞተች፤ ለኔ እንኳ አላሳየችም።
ጦይባ ሆዷ ተነፋ። በሃምሳ ዓመቷ
‹አረገዘች› ብለው ሳቁባት።
እኔም ስቄያለሁ።»

ጥቁር ክብ። ጥቁር ክብ። ሰረዝ፣ ሰረዝ።
መሐላቸው የሱ ሳጥን፦ ነጭ፣ ጤነኛ፣
ማንም ያልጠረጠረው።

እናቴ በሩ ጋ ቆማ ነበር።
«አይ ሙሄ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

እሱ የደሴን ብርድ ፈርቶ የደራረበውን
አንድ በአንድ ይገፍ ጀመር፤
ካፖርቱን፣ ሹራቡን፣ ሌላ ሹራብ፤ የሸሚዙ ቁልፍ እምቢ አለው።
ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤
«እስቲ እኔን አንብቡኝ።»

ማታ ሐረጎን ስንወርድ አባቴ ጥጡን በጣቱ እንደያዘ ነው፤
ደሙ ከቆመ ቆይቷል።
እናቴ መስኮቱን ታያለች፤ ካፖርቱ ግን እሷ ጭን ላይ ነው።
ቤት የምትጠብቀኝ ሒክማ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤
ወረቀቱ ላይ ክቧ ባዶ።
ሾፌሩ በየኩርባው ክላክስ ይነፋል፣
ከወዲያ በኩል ለሚመጣው፣
ገና ላልታየው።