የአዋጁን በጆሮ

ሎድ ውስጥ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣ ከትምህርት ቤት በር፣
ሌሊት ዘበኛ ነኝ፣ ቁልፍ የምቈጥር።
ስሜ ዳኛቸው ነው፣ ዳኝቼ ባላውቅም፤
ልጄን ኦስናትን ግን እንቅልፍ ከመጽሐፏ ጎትቶ አያርቅም።

ነገ ፈተና አላት።
ራቴን በሳህን፣ ሕጓን በብብቷ ይዛ መጣችና፣
«ጠይቀኝ አባዬ» አለች፣ በርጩማ ሳበችና።
እኔም ጠየቅኋት፦
«አንድ መሪ ማልዶ፣ ከአልጋው ተነሥቶ፣
ታንኩን ለአደባባይ፣ ሰዉን ለጓዳው ሰጥቶ፣
‹ከእንግዲህ ሕግ ማለት ከአፌ ነው› ቢልሳ?
ይቻለዋል በይኝ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ማንንም ሳያወሳ?»

ሣቀች። «ብቻውንማ ምን ሲደረግ!»
ጣቷን እያጠፈች ቈጠረችልኝ፦
«አስቸኳይ ጊዜ ብሎ የሚያውጅ ክኔሴት ነው፤
ከዓመት አይዘልም፤ ካላደሰው ቀሪ ነው።
ጊዜ ከጠበበ፣ ሸንጎው እስኪሰበሰብ፣ መንግሥት ያውጅ ይሆናል፣
ለሰባት ቀን ብቻ፤ በስምንተኛው ያልጸደቀ ይወድቃል።»
«ሰባት? እንደ ሐዘን?»
«እንደ ሐዘን» አለች።
«ደንብ ሊያወጣ ይችላል። ሰውን የሚያዋርድ ግን አይሆንም፤
ትናንት ለሠራኸው ዛሬ ቅጣት አይጽፍም፤
የዳኛን ደጅ አይዘጋም።»

የዳኛን ደጅ አይዘጋም፣ አልሁ ለራሴ፣
እንደ ትኩስ ድንች ከጉንጭ ወደ ጉንጭ እያገላበጥሁ።

እኔ በልጅነቴ፣ አምቦበር፣
አዋጅ የሰማሁት ከባለድንጋይ ሬዲዮ ነበር።
መጀመሪያ ማርሽ፤ ቀጥሎ የማናውቀው ድምፅ፤ ቀጥሎ ሰዓት እላፊ።
አጎቴ ይርጋ፣ ያ ሙግት ወዳድ፣ ያ ለፍላፊ፣
በማግሥቱ መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ቢል፣
ወታደሩ ቆም ብሎ፣ «በየትኛው?» አለው።
ከዚያ ወዲያ ላም ልንሸጥ አዘዞ ስንወርድ፣
የይለፍ ወረቀት ነው፣ ማኅተም ያረፈባት፤
የሂያጁ ስም፣ የሚሄድባት መንገድ፣ የሚመለስባት ሰዓት።

ይህን ስናወራ ናዚህ መጣ፣ የበሩን መብራት ሊጠግን።
የገሊላ ልጅ ነው። ኦስናት በዕብራይስጥ ወጋችንን ብታካፍለው፣
መሰላሉን አስደግፎ፣ ከቦርሳው እጥፋት ቢጫ ቁራጭ አወጣ።
የአባቱ ናት። ስልሳ ዓመት ያለፋት፤
መንደራቸው በጦር ገዥ ሥር ሳለ፣
ትንባሆ ሊሸጥ ሐይፋ የወረደባት።
በዚህ መንገድ ሂድ፣ በሌላ አትሂድ፣
ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለስ፣ ትላለች።
ማኅተሟ እንደ አዘዞው ክብ ነው።

ልጄ አንብባ መለሰችለት።
ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለችና፣ በአማርኛ፣
«ይኼም እኮ በሕግ ነበር» አለችኝ፣
በጹሑፍ የወጣውን፣ አገር ያወቀውን፣ በሹክሹክታ።
«ያቺ ሀገሪቱ ስትወለድ የታወጀችው አስቸኳይ፣ አባዬ፣
እየታደሰች እየታደሰች አሁንም አለች።»

እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲያድር ብር፣ ሲሰነብት ጨርቅ ይባላል።
ሰባ ዓመት ያለፈውን ግን ማን ደፍሮ ጨርቅ ነህ ይለዋል?
አልጋ ተነጥፎለታል፤ ልጆች አያት መስሏቸዋል።

ደግሞ እኔን ብሎ ታዛቢ!
በጓሮ፣ ከኳስ ሜዳው ጀርባ፣ የብረት በር አለ።
በሮኬቱ ሰሞን የዚያን ጊዜዋ ዳይሬክተር
«ለአንድ ሳምንት» ብላ ያስቆለፈችው።
በእጄ ነው የቆለፍሁት።
ሮኬቱ ቆመ። ዳይሬክተሯ ጡረታ ወጣች።
ቁልፉ ከየት እንደገባ እንጃ።
ተማሪዎቹ በዙሪያ ጥምጥም ይገባሉ፤
በሩን ግድግዳ ነው ይሉታል።

ኦስናት ልትተኛ ሄደች።
መብራቱ በራ፤ ናዚህ መሰላሉን አጥፎ፣
የዘይት ቆርቆሮውን ረስቶልኝ ሄደ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ጓሮ ዞርሁ።
ቁልፍ የለኝም። ዝገቱ ላይ ግን ዘይት ጠብ አደረግሁ፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ እንደ ጆሮ መድኃኒት።

ሲነጋ አዲሱን ዳይሬክተር እጠይቀዋለሁ።
ማን ዘጋው አልልም፤ እኔ ነኝና።
ያ ሳምንት መቼ ነው የሚያልቀው?