ተጠያቂ ቁጥር አርባ ሰባት

ስሜን አልጻፉትም፤ ቁጥር ነው የሰጡኝ፣
«ተጠያቂ አርባ ሰባት» ብለው መዘገቡኝ።
ደነገጥኩ። ተጠያቂ ሲባል የማውቀው ሌላ ነው፣
ወይ ዕቃ የጎደለው፣ ወይ ሒሳብ የዋጠው።

ምንታምር በስልኩ ውስጥ ሣቀች፣ ቀስ ብላ፦
«የሚመልስ ማለት ነው አባባ፤ ትርጉም የለው ሌላ።
በየሦስት ወሩ እንደውላለን፣
ያንኑ ሰው ያንኑ እንጠይቃለን።
ዛሬ እርስዎን፣ ነገ ሌላ ሰው ብንጠይቅ፣
አውቶቡሱ ይሁን ሰውየው የተለወጠው፣ በምን ልናውቅ?»

መስከረም ነበር። «ከአንድ እስከ አምስት ይስጡ፤ በሰዓቱ ይመጣል?»
ሦስት አልኳት፣ ለይሉኝታ። ሁለት ማለት ሰው ያስቀይማል።
ልጅቱ ምን አጠፋች? ሹፌሩም ቢሆን ደኻ ነው፣
የኋላ በሩን በገመድ አስሮ የሚነዳው።

ታኅሣሥ ገባ። የደብረ ብርሃን ታኅሣሥ፤
አመዳዩ ሣሩን አንጥቶ፣ የፌርማታው ብረት እጅ ሲነክስ።
አሰገደች ሆስፒታል ናት፤ በሩን የምታይበት አልጋ፣
መጠየቂያ ሰዓቷ አሥር ተከፍቶ አሥራ አንድ የሚዘጋ።
ከዘጠኝ ተኩል ጀምሬ ጠባሴ ፌርማታ ቆምኩ፣
የአጃ ሾርባ በፔርሙዝ፣ ከጋቢዬ ሥር ሸሸግኩ።
አውቶቡሱ ብቅ አለ፣ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ፤
ዘበኛው «አልቋል» አለኝ፣ ፊቴን እንኳ ሳያይ።
ሾርባውን በጽዳቷ ሴት ላክሁ። አሰገደችን ሳልጠይቃት፣
እኔን የሚጠይቅ ደወለ፣ በማግሥቱ ጠዋት።

«ከአንድ እስከ አምስት?»
«ዜሮ የለም ወይ?»
«የለም አባባ።»
«እንግዲያው አንድ።»
ጻፈች። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤
ቅጹ ለምክንያት ቦታ አልተወላትም።

መጋቢት ላይ ደወለች። «አባባ፣ በሰዓቱ ይመጣል?»
አሰብኩ። በዚህ ዕድሜ መዋሸት ምን ይጠቅማል?
«አምስት ብለሽ ጻፊ» አልኳት። አሥር ቢሆን፣ አሥራ ሁለት ቢመጣ፣
ዘበኛ የለብኝ፣ «አልቋል» ብሎ የሚያስወጣ።

«ከአንድ ወደ አምስት! ተሻሽሏል ማለት ነው?»
«የለም ልጄ፤ አውቶቡሱስ ያው ነው፣
በሩም እንደታሰረ።
ሰውየው ነው የተለወጠው፤ የሚቸኩልበት የቀረ።»

ዝም አለች። ከኋላዋ ሌሎች ልጆች ሲጠይቁ ይሰማል፣
ከአንድ እስከ አምስት፣ ከአንድ እስከ አምስት፤ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ያዜማል።
«መቼ?» አለችኝ፣ ከቅጹ ወጥታ።
«የጥምቀት ማግሥት፤ ወደ ማታ።»
«ነፍስ ይማር። አምስቱን ልሰርዘው?»
«ተይው። የጠየቅሽኝ ስለ ሰዓት ነው።»

ሰኔ ላይ የደወለው ወንድ ልጅ ነው። ምንታምርን ብጠይቀው፣
«ተጠያቂው እርስዎ ነዎት» አለኝ፣ መልሴን ብቻ የፈለገው።

ሐምሌ ላይ ፌርማታው ግንብ ወረቀት ለጠፉ፤
«የተሳፋሪ እርካታ ጨመረ» ይላል ጽሑፉ።
ሽቅብ የሚሄድ ቀይ ቀስት፤ ከሁለት መቶው ሰው እኔም አለሁበት፣
ዝናቡ አንዱን ጥግ ልጦ አጥፎት።

አንድ ተማሪ ደብተሩን ራሱ ላይ ደፍቶ፣
መንገዱን ያያል፣ ፈተናው ቀርቦ፣ አውቶቡሱ ጠፍቶ፤
«ለዚህ ተጠያቂው ማነው?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን፣ ጮክ ብሎ።
ሰው ሁሉ ዝም አለ፣ ጃንጥላ ተከልሎ።

እጄን ላወጣ ትንሽ ቀረኝ።
አርባ ሰባት። እኔ ነኝ።