ስንት ገባ?

ሥራዬ ሚዛን ነው፤ ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ባንዱ፣
ቀለበት እበይዳለሁ፤ ጉትቻም ይመጣል ከነጉዱ።
ሰው ሁሉ ገና ከበር፣ «ግራሙ ዛሬ ስንት ገባ?»
እኔም እንደ ደንበኛ ሆንኩ፣ መስከረም ሲጠባ፤
የልጄን ዓመት መዘንኩ።

ናርዶስ ሁለቱን ጨርሳ ሦስተኛውን ጀምራለች፤
«ምን ተማርሽ?» ስላት፣ «ውሃ ቀዳሁ» ትለኛለች።
«ዛሬስ?»
«ምንጣፌን ጠቀለልኩ።»
«ነገስ?»
«እንጃ፣ ገና አልመረጥኩ።»
ምንጣፍ!
ለምንጣፍ ነው እንዴ እኔ ይህን ሁሉ ብር የከፈልኩ?

የባለቤቴ ወንድም ልጅ እኩያዋ ነው፤ ሰባት ደብተር አለው፤
ቅዳሜም የቤት ሥራ፣ እሑድም የቤት ሥራ፤ እንቅልፍ ሲጥለው
እርሳሱን እንደያዘ ነው።
አባቱ በኩራት አሳየኝ። ቀናሁ፤ አልዋሽም።
«ቀይራት» አለኝ፤ «ባዶ እጇን አንደኛ ክፍል ብትገባ አያዋጣም፤
ንፍጡን ካልጠረገ ሕፃን ጋር ውላ እኩዮቿ ጋ አትመጣም።»

መሸኛ ልጠይቅ ሄድኩ፤ በጥቅምት፣ ሱቄን ዘግቼ፣
ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሬ፣ ዳገቱን ወጥቼ።
ቲቸር አስካለ፣ «መጀመሪያ ይቀመጡ» አለችኝ፤ «ሳይናገሩ።»
ተቀመጥኩ፤ ጉልበቶቼ አገጬ ሥር ተደረደሩ።

ዝምታ አልነበረም። ጉምጉምታ አለ፣ የሥራ፣
እንደኛ ጓዳ፣ ሞረድ ከብረት ጋር እንደሚያወራ።

ናርዶስ ምንጣፏን ዘርግታ ከመደርደሪያው አመጣች
ወርቃማ ጨሌ፤ አንዷን ብቻዋን አስቀመጠች።
ቀጥሎ አሥሩን፣ በሽቦ የተሰካውን፤
ቀጥሎ መቶውን፣ ጠፍጣፋውን፤
ከዚያ ሺው መጣ፤
ድፍን፣ ከባድ፤ ሁለት መዳፍ ይሞላል፤
እንዴት እንደያዘችው! እንደ እንቁላል።
ሃያ ዓመት ወርቅ ስመዝን ሺ ለእኔ ወረቀት ነው፤
እሷ ክብደቱን ታውቃለች፤ ያለው ክንዷ ላይ ነው።

ይህስ ይሁን፤ ለዘመድ ይነገራል።
ያላሰብኩት ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ኪሩቤል የሚባል፣ ሦስት ዓመቱን ገና የደፈነ፣
ከሹራቡ ቁልፍ ጋር ተጣልቶ ለማልቀስ የወሰነ፣
መጥቶ ፊቷ ቆመ።
ሺውን አስቀመጠች።
አልቆለፈችለትም። እኔ ብሆን
ቆልፌ ሸኝቼው ነበር፣ እንደ ቸኮለ ሰው።
እሷ የራሷን አንድ ቁልፍ ፈታች፤ ቀስ ብላ መለሰችው።
ደግሞ ፈታች። ደግሞ መለሰች። እሱ ጣቷን ያያል።
የእሷ ገባ፤ የእሱ አልገባም።
አልተቆጣችም። እንደገና ፈታች።
በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው (ቆጣሪው እኔ መቁጠር ረስቼ)
የኪሩቤል ቁልፍ ገባ።
አላጨበጨበችም። ወደ ሺው ተመለሰች፤
ትከሻዋ ግን አንድ ጣት ያህል አድጎ ነበር።

ጋሽ ወልደየስ ትዝ አሉኝ።
አንዱን ዓመት ወለል ጠርጌ የወርቅ ብናኝ ለቀምኩ፤
አንዱን ዓመት ከሰል እያቀበልኩ እጃቸውን አየሁ፣ ዝም አልኩ።
በሦስተኛው አዲስ ልጅ መጣ። «አንተ አሳየው» አሉኝ።
እሳቱን ለሱ ሳሳየው ነው እሳቱ የገባኝ።
አባቴ ያኔ መጥቶ «ሁለት ዓመት ይበቃል» ብሎ ቢወስደኝ፣
የቀለጠ ወርቅ፣ ቅርጹ ውስጥ ሳይፈስ፣ ከእሳት ማውጣት ነበር፤
ወርቅነቱ አይጠፋም።
ቀለበት ግን አይሆንም።

«መሸኛውን ልጻፍልዎ?» አለች ቲቸር አስካለ፣ ያለ ወቀሳ።
ማመልከቻው ኪሴ ውስጥ ነው። ከወንበሩ ስነሣ
ጉልበቴ ቋ አለ።
ናርዶስ ቀና ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፦
«አባዬ፣ ሰው እየሠራ ነው።»

ሱቄን ስከፍት አንድ ደንበኛ በሩን ተደግፏል።
«ግራሙ ዛሬ ስንት ገባ?» ይላል።
«ቁልፍ ነው የገባው» አልኩት፤ «በአምስተኛው።»
ደንበኛው አልገባውም።