ቫርኒሽ

ያገለገለ ፍሪጅ፣ ያገለገለ ባጃጅ፣
ተከራይ የሚጠብቅ የከዚራ ቪላ ደጅ፣
ይኸው ነበር ሥራዬ። ዋጋ ምላሴ ላይ ያድራል፤
ገዢው ገና ሳያስል፣ ልቤ ኪሱን ይቆጥራል።

አንድ ቀትር ላይ ነጅላ፣ የነባዋዚር ልጅ፣
መጋላ ጓሯቸው ድረስ ጠራችኝ በእጅ፤
በሽርጥ የተጠቀለለ አወጣች ካልጋ ሥር፣
"ሽጥልኝ አቦ" አለች፣ "ላንተ ከመቶው አሥር።"

ፈታሁት።
ካንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ስፌትም ሙጫም የሌለው፣
ሆዱ የፓፓያ ግማሽ፣
አንገቱን እንደ ኩሩ ሰው ወደ ኋላ የጣለው፣
ፊቱ የፍየል ቆዳ፤
ከበሮ ነው እንዳልል ክር አለው፣
ክራር ነው እንዳልል ሆድ አለው።

"ቀንቡስ ይባላል" አለች።
"ከሁደይዳ በሳንቡቅ፣ ከጅቡቲ በባቡር፣
አያቴ ጭን ላይ ተቀምጦ፣ ሦስተኛ ማዕረግ የመጣ ነበር።
አሁን የሚመታው የለም። ጎርፉም የጓሮ ግንቤን በላ፤
ብሎኬት በዜማ አይገዛም። ገዢ ፈልግ፣ አንተ ደላላ።"

"ስንት ልበል?" ብላት፣ "ደላላው አንተ አይደለህ?" አለችኝ፤
ዋጋ አጥቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ምላሴ ከዳችኝ።

ዞርሁ።
አሸዋ ያለው አናጢ "እንጨቱን በኪሎ?" አለ፤
ታይዋን ያለው ልጅ "ጊታር ነው፣ ሁለት ክር ጎደለ"፤
ባለ ሆቴሉ ሦስት ሺህ ሰጠ፣ በል ቶሎ አምጣው ብሎ፣
አምፖል ሊያበራበት ሆዱን ፈልፍሎ፣
ካጋዘን ቀንዱ ጎን ሰቅሎ።

ከሐረር የመጣው የሙዚየም ሰው ጓንት አጠለቀ፣
ጀርባውን በጣቱ አንኳኩቶ፣ ብቻውን ሳቀ፤
"ዋጋ የለውም!" አለ። ላቤ ሸሚዜን አራሰው።
ለካ ማሞገሱ ኖሯል፣ ቋንቋው የማይገጥመኝ ሰው።
በጀት የለንም አለ፤ የምስጋና ወረቀት ግን አለ፣
ከነፍሬሙ፣ በወርቅ ቀለም የተሳለ።
ብሎኬት ሻጩ ወረቀት አይቀበልም።

መጨረሻ ላይ ፎቶ ብልክ፣ ከጅቡቲ ዋኢስ ደወለ፦
"አይቼ እከፍላለሁ፤ እስክመጣ ይቆይ እንዳለ።"

"እንዳለ" ያላት ቃል ባንድ ጆሮዬ ገብታ ወጣች።
ሙሽራስ ሳትኳል፣ በማን አገር ተዳረች?
ሳቢያን ወርጄ ቫርኒሽ ገዛሁ፣ ብርጭቆ ወረቀት፤
ካንገቱ ሥር ጥቁር እድፍ ነበር፣ ያውራ ጣት ስፋት፣
ፋቅሁት። ከጀርባው የደበዘዘ የዓረብኛ ቀለም፣
አሸሁት፤ ምን ያደርጋል፣ ያነበበው እንኳ የለም።
ሲደርቅ ፊቴን አየሁበት፤ እንደ አዲስ ባጃጅ በራ፤
ዋጋውን በልቤ እጥፍ አልሁት፣ ላፍታም ሳልፈራ።

ዋኢስ መጣ በደወሌ፣ መኪና ላይ አድሮ፤
በሩ ላይ አሸተተ፤ ቆመ ግንባሩን ቋጥሮ።
"ማን ነው ያጠበው?"
"እኔ ነኝ! ደግሞም በነፃ!"
ዝም። ቬንትሌተሩ ብቻ ይዞራል።
"ሁለት መቶ ሺህ ይዤ ነበር፣ ለዚያ እድፍ፣ ለዚያ ጽሑፍ፤
የፋቅኸው የሠሪውን ስም ነው።
አሥራ ስምንት ሺህ፤ ከዚያ አላልፍ።"

ነጅላ አልጮኸችም። ቀንቡሱን አንስታ አሸተተች፤
"አያቴ ቀለም ቀለም አይሸትም ነበር" አለች።
ከዚያ ሸጠች።
ብሩን ሁለቴ ቆጥራ፣ ሺህ ስምንት መቶ ለየች፣
እጄ ላይ አድርጋ፣ "ከመቶው አሥር" አለች፤
"ከጠፋውስ? ከጠፋውም አሥር እጁ ያንተ ነው ወይ?"
መልስ ፍለጋ ቀና ብል፣ ያለው የድሬ ባዶ ሰማይ።

ግንቡ ተሠራ፣ እስከ ወገብ።
እኔም ፍሪጅ እሸጣለሁ።
የወለወልሁበት ጨርቅ ግን አለ፣ ሳልጥለው፣ ሳላጥበው፤
መሐሉ ላይ ያውራ ጣት ያህል ቡናማ ነገር አለበት፤ ሌሊት ሌሊት ነው የማስበው።
እስቲ ገበያ የምታውቁ፣ ይኼንን ስንት ልበለው?
እንዳለ የሚገዛ፣
እንዳለ የሚፈልግ ማነው?