ጥላ የሌለው ማንጎ

ሐምሌ ነው በደሴ፣ ጦሳ ጉም ደርቧል፣
የሙሄ ጌም ቤት ጣራ ባልዲ ላይ ያነባል።
እኔም ጃኬቴን እስካገጬ ዘግቼ፣
ሞቃት ባሕር ጫፍ ቆሜያለሁ፣ ስክሪን ውስጥ ገብቼ።

አዲስ ጌም ሲመጣ ቀማሹ እኔ ነኝ፤
«ልጆቹ ይከፍሉበታል?» ሙሄ ሲጠይቀኝ
ቶሎ አልመልስም።

ቀለሙማ ቀለም ነው፤ ብርቱካን ሰማይ፣ ሐምራዊ አሸዋ፣
በቀቀን ሲያሽካካ፣ ሸርጣን በጎን ሲሮጥ፣
ጀግናው ድብልብል ያለ፣ ባለ ገለባ ባርኔጣ፣
ሙዝ እየለቀመ ማንጎ ዛፍ ላይ የሚወጣ።

ዝላዩን መዘንኩት፤ አይዋሽም፣ ሐቀኛ ነው፤
ጣትህ ከዘገየች ገደሉ የራስህ ነው፤
በሰዓቱ ከተጫንክ ደመናው ይሸከምሃል፣
ከስንት ዘመድ ይሻላል።

ሦስተኛው ደሴት ላይ ግን ሰለቸኝ፤
ያው ድልድይ፣ ያው ሸርጣን፣
ከበሮው እንደ ወፍጮ ያለማቋረጥ ፈጨኝ።

ጦይባ የመርሳዋ ከዝናብ ሸሽታ ገባች፣
ፍሬዋን ሰኞ ገበያ ሸጣ ባዶ ሳጥን ይዛ ቆመች፤
ከኋላዬ ቆይታ፣
«ማንጎው ጥላ የለውም» አለች።

አየሁ። እውነትም።
ያ ሁሉ ፀሐይ፣ ያ ሁሉ ቅጠል፣
ከሥሩ አንዲት ጥቁር ነጠብጣብ እንኳ የለችም።

ጆይስቲኩን ሰጠኋት። ሁለቴ ገደል ገባች፤
በሦስተኛው ጀግናውን ግንዱ ሥር አቁማ ተወች።
«ዝለይ እንጂ!»
«ትንሽ ይረፍ፤ ከጠዋት ጀምሮ እየሮጠ አይደል?»
ሰዓቱ ቆጠረ፣ ቆጠረ፣ አለቀ፤
ድብልብሉም ሙዙን እንዳቀፈ ወደቀ።

«እሺ፣ ስንት ሰጠኸው?» አለ ሙሄ።
«ከአስር ሰባት።
ሦስቱን ለጥላው ይዤበታለሁ።»
«ለጥላ የሚከፍል ልጅ የት አለ?» ብሎ
የሞላውን ባልዲ ሊደፋ ወጣ።