የሕፃኑ ሚዛን

አቀስታ ሆስፒታል፣ ሐምሌ፣ ጄኔሬተሩ ሲያጓራ፤
ጦይባን ጎኗን ይዤ አስቀመጥኳት፣ ከመብራቱ ሥር፣ ከጠራራ።
«እንደ ድመት እጥፍ በይ፣ አገጭሽ ደረትሽን ይንካ፤
እንዳትነቃነቂ እህቴ፣ መርፌው ቦታውን እስኪለካ።»
እጥፍ አለች። ከወገቧ አጥንት መካከል
ጠብ አለ ንጹሕ ውኃ፣ የማለዳ ጤዛ ይመስል።

መድኃኒቱን ሰደድኩ። ጥቂት ቆይታ፣ ተገርማ፣
«እግሬን የት ወሰድክብኝ?» አለች፣ በዚያ በለጋምቦ ዜማ።
«አደራ ይዤዋለሁ፤
ሲነጋ እመልሳለሁ።»
ሳቀች፤
በኩሯን እቤቷ፣ ሁለት ሌሊት ጮሃ የወለደች።

ልጁ ወጣ። አለቀሰ። አዋላጇ ስንዱ
ሚዛኑ ላይ አጋድማ፦ «ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ! ይኸው መጣ ወንዱ!»

ከዚያ ወዲያ ዝምታ።
ማሕፀኗ አልጨበጥ አለ፤ እንደ ደከመ ጡጫ ተፈታ።
ዶክተር አራጋው ቀና ሳይል፣ «ስንት ፈሰሰ?» አለኝ።
በዓይን መገመት ልማዴ ነበር፤ ዓይን ግን ስንቴ ዋሸኝ!
ስንዱ ደም የጠጣውን ጨርቅ አንድ በአንድ ለቀመችው፤
ልጁ አሁን በተነሣበት፣ በዚያው ሳህን መዘነችው።
የደረቁን ጨርቅ ክብደት ቀንሳ፣
«አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ» አለች፣ ድምጿ ሳስቶ፣ አንሳ።
የልጁ እኩሌታ!
ልጅ ተኩል ነው እንግዲህ የወጣው ከእሷ፣ በዚች አንድ አፍታ።

ሕመም ማስተኛት እችላለሁ፤ ደም ግን አይተኛም በመርፌ፤
አምና አንዷ ሳይሰማት ሄዳብኛለች፤ ዛሬም ትቆማለች ከደጃፌ።

ማቀዝቀዣው ውስጥ አንድ ከረጢት። የቀረው ከደሴ፣
በበረዶ ሣጥን፣ ጉጉፍቱ ጭጋግ ውስጥ ነው፤ ወይ ነፍሴ!
ሹፌሩ ይመር ስልክ አያነሣም።
ያለችውን ሰቀልኩ። ስም የለባትም፦
ቁጥር፣ ቀን፣ የደም ዓይነት፤
ምናልባት አንዲት ተማሪ ዓይኗን ጨፍና የሰጠችው፣ ሳትነግር ለእናት ለአባት።
ጠብታው ዘገየብኝና በሁለት እጄ ጨመቅኩት።
«እግሬስ?» አለች፣ ከንፈሯ አመድ መስሎ።
«ይዤዋለሁ» አልኳት፤
ግፊቷ ሰባ በአርባ ነበር፤ አልነገርኳት።

አሥር ሰዓት ግድም ጥሩምባ። ይመር ገባ ጭቃ በጭቃ፣
ሣጥኑን እንደ እንቁላል አቅፎ፦ «ድንጋይ ተንዶ... በእግር... በቃ!»
ሌላ አልተናገረም። ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ።
ዶክተሩ የሰፋው ያዘ። ደሙ ቀዘቀዘ፤ ቀለለ።

ሲነጋጋ የግራ አውራ ጣቷ ነቅነቅ አለ ከብርድ ልብሱ።
«መለስክልኝ?»
«መለስኩ» አልኳት። ሌላ ቃል አልወጣኝ።

ስንዱ ሳህኑን በበረኪና ሦስቴ አጥባ አደረቀችው፤
የሚዛኑ ቀስት ግን ዜሮ ላይ ቶሎ አልተኛላትም፤ ቆማ አየችው።